«ፀሐይ»ን በእንጨትና በሻሽ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጅማሮ

በጣሊያን ወረራ ዘመን እዚሁ አቃቂ የተሠራችውን «ፀሐይ» አውሮፕላን በትንሹ ልሠራት ተነሥቻለሁ። ድርብ ክንፍ ያላት፣ ባለ አንድ ሞተር፣ ቀላል አውሮፕላን ናት። የኔዋ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ አንድ ሜትር ትሆናለች። ዕቃው እንጨት፣ ሻሽ፣ ሽቦና ቪናቪል የሚባለው የእንጨት ሙጫ ነው። ፕላስቲክ የለም። ተቆራርጦ የመጣ ተገጣጣሚም የለም። ያኔ አቃቂ ላይ መጋዝ ይዘው የቆሙት ሰዎች ምን ሲሠሩ እንደዋሉ በራሴ እጅ ልረዳው ፈልጌ ነው እንዲህ የወሰንኩት።

ታሪኳን ለማያውቅ ባጭሩ ላስቀምጥ። የጃንሆይ ፓይለት የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ ሠራት። ስሟ የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ስም ነው። መጀመሪያ የበረረችው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1935 ነው፤ በኛ ኅዳርና ታኅሣሥ 1928 ላይ ማለት ነው። ጠቅላላ የበረረችው 30 ሰዓት ገደማ ነው። ጣሊያኖች ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ ሲገቡ እጃቸው ወደቀችና ወደ ሀገራቸው ወሰዷት። ኋላም ከሮም ወጣ ብሎ ብራቻኖ ሐይቅ ዳር ባለው የቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ተቀመጠች። ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ጣሊያን ለኢትዮጵያ አስረከበቻት።

ስለ እሷ ሲነሣ ሁሉም የሚያወራው ስለ መመለሷ ነው። ደስ ይላል፤ እኔም ያን ሰሞን ስልኬ ላይ ቪዲዮውን እየደጋገምኩ ሳይ ነበር። ልቤን የያዙት ግን ከመማረኳ በፊት ያሉት ጥቂት ወራት ናቸው። ሰሜኑ በቦምብ እየነደደ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ሰዎች ክንፍ ይሠሩ ነበር። ይሄ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ልኬት

መጋዝ ከማንሳቴ በፊት ማስመሪያ ይዤ ተቀመጥኩ። በርክክቡ ጊዜ የወጡትን ፎቶዎችና ሙዚየሙን የጎበኙ ሰዎች ያነሷቸውን ሰበሰብኩ። ከቅርብ የተነሣ ፎቶ ለልኬት አይሆንም። ለካሜራው የቀረበው ክንፍ ይገዝፋል፣ የራቀው ያንሳል። ስለዚህ ራቅ ብለው፣ ከጎን ወይም ከፊት ለፊት ቀጥ ተደርገው የተነሡትን ብቻ አስቀረሁ።

ከዚያ የጎማዋን ስፋት መለኪያ አደረግኩት። አካሏ ስንት ጎማ ይረዝማል? በላይኛውና በታችኛው ክንፍ መሀል ስንት ጎማ ይገባል? እንዲህ እያልኩ ሁሉንም በጎማ ቆጠርኩና ወደ ሴንቲ ሜትር መለስኩት። የሁለት ፎቶዎች ቁጥር ሲገጥም አጸደቅኩ፤ ሲለያይ ሦስተኛ ፎቶ ፈለግኩ። አድካሚ ሥራ ነው ግን ደስ ይላል። አውሮፕላኗን ሳትነካት ታውቃታለህ።

በመጨረሻ በትልቅ ካኪ ወረቀት ላይ በሞዴሏ ሙሉ መጠን ሣልኳትና ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር ለጠፍኳት። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ቁራጭ እንጨት እዚያ ሥዕል ላይ እየተጋደመ ነው የሚለካው።

ቅዳሜ፣ መርካቶ

ውጭ ሀገር ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ባልሳ የሚባል በጣም ቀላል እንጨት አላቸው። እኛ ዋንዛ አለን። ዋንዛ ቀለል ይላል፣ ለመጋዝም ለሞረድም አያስቸግርም፣ ሲደርቅም ብዙ አይጣመምም። ለክንፎቹ ዋና አግዳሚዎችና ለፕሮፔለሩ እሱን መረጥኩ። ለክንፎቹ ጎድኖች ደግሞ ሦስት ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ገዛሁ። የክንፎቹ ጫፍ ክብ ስለሆነ ቀርከሃ ሰንጥቄ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ አጎበጥኩት። ምናለሽ ተራ ገብቼ ደግሞ አሮጌ የብስክሌት ፍሬን ገመድና ከተቃጠለ ሞተር የወጣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይዤ ወጣሁ። ሁለቱም ለምን እንደሚሆኑ ወደ ታች ታያላችሁ።

አግዳሚዎቹን የሚያሳሱልኝ ጎረቤቴ ናቸው። አናጺ ናቸው፤ በርና ቁም ሣጥን ሲሠሩ የኖሩ ሰው።

«ለምንድነው እንዲህ የምታቀጥነው? ይሰበራል እኮ።»

«ጋሼ፣ መብረር አለባት ብለው ያስቡ።»

ትንሽ ዝም አሉ። እንጨቱን አገላብጠው አዩትና «እንግዲያማ ውስጡን መቦርቦር ነው። ጠርዙን ተወው፤ ሸክሙን የሚችለው ጠርዙ ነው» አሉኝ።

የአውሮፕላን መሐንዲሶች የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው። ጎድን ላይ ቀዳዳ የሚከፈተው ክብደት እንዲቀንስ ነው፤ ጠርዙ ሳይነካ መሀሉ ይወጣል። ጋሼ አውሮፕላን ሠርተው አያውቁም፤ እንጨት ግን ያውቃሉ። አቃቂም ላይ የዌበርን ሥዕል ወደ ዕቃ የቀየሩት እንዲህ ያሉ እጆች ይመስሉኛል።

ጎድኖቹ

የክንፍ ጎድን ማለት ክንፉን አቋርጦ የሚቆመው ስስ እንጨት ነው። ከፊት ወፍራም፣ ወደ ኋላ እየሳሳ የሚሄድ ጉብታ አለው፤ ጨርቁ ሲለብስ ያንን ቅርጽ ይይዛል፤ አየሩም በዚያ ጉብታ ላይ ሲያልፍ ነው ክንፉ የሚነሣው። ስለዚህ ሁሉም ጎድኖች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። አንዱ ከፍ ካለ ጨርቁ እዚያ ላይ ይጎብጣል።

አንድ በአንድ ብቆርጣቸው ይለያያሉ። ሁለት ጥሩ ቅርጽ ከቆርቆሮ አወጣሁ፤ በመሀላቸው ኮምፔንሳቶዎቹን ደርድሬ በሁለት ብሎን አሰርኩና ሁሉንም አንድ ላይ ሞረድኳቸው። የእህቴ ልጅ በብርጭቆ ወረቀት ጨረሰችልኝ። ከኔ የተሻለ ትዕግሥት አላት። ብሎኑ ሲፈታ ጎድኖቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተራ በተራ ወጡ፤ ሁሉም እኩል።

ቪናቪል እስኪደርቅ

ሙጫ ሲደርቅ የሚሠራ ነገር የለም፤ ይነበባል። ፀሐይ መጀመሪያ በተነሣችበት ወር ምን እየሆነ እንደነበር ጎን ለጎን አስቀመጥኩት።

ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ጃንሆይ እዚያው ነበሩ፤ መትረየስ ይዘው የተነሡት ፎቶ የዚያን ጊዜ ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን ደግሞ ደቡብ ላይ መልካ ዲዳ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ተመታ። የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ፍሪደ ሂላንደር ቆሰሉ፤ ጉናር ሉንድስትሮም የተባለው ባልደረባቸው ሞተ፤ በሽተኞችም አለቁ። የመርዝ ጋዝ በተከዜ በኩል መውረድ የጀመረውም በዚሁ ታኅሣሥ ነው። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል የሆነ ቦታ ላይ አቃቂ ውስጥ አዲስ አውሮፕላን ይሰናዳ ነበር። ይሄን ሳስብ የያዝኩት ጎድን እጄ ላይ ይከብደኛል።

ኢትዮጵያ ያኔ የነበሯት አውሮፕላኖች ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ በ1921 ክረምት ነው የመጡት፤ ከፈረንሳይ ፖቴዝ 25፣ ከጀርመን ዩንከርስ። ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች መካከል ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ አሉ። ሚሽካ አባቱ ሩሲያዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ነበረች። ጦርነቱ ሲመጣ ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆነ፤ ዓድዋ ስትደበደብ እዚያው ነበር። ጣሊያን በመቶ የሚቆጠር አውሮፕላን አሰልፋለች። የኛዎቹ አብዛኞቹ መሣሪያ የላቸውም። ሥራቸው መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው ማድረስ ነበር። ያም ሆኖ አንድ ደብዳቤ በበቅሎ ቀናት ከሚፈጅበት ግንባር በሰዓታት ሲደርስ ትልቅ ነገር ነው።

የስዊድኑ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘንም በዚሁ ጊዜ ነው በቀይ መስቀል ስም የመጣው። የያዛት ሄንክል ኤችዲ 21 ለአብራሪ ማሠልጠኛ የተሠራች ቀላል ባለ ድርብ ክንፍ ናት። አምቡላንስ አደረጓት። የዚያ ዘመን ቀላል አውሮፕላኖች ዕጣ እንዲህ ነበር፤ ለሰላም ተሠርተው ጦርነት ውስጥ ይገባሉ።

ሞተሩ

እስካሁን ካሉት ሁሉ የወደድኩት ሥራ ይሄ ነው።

የፀሐይ ሞተር ቼኮች የሠሩት ዋልተር ቬኑስ ነው፤ 115 የፈረስ ጉልበት፣ ሰባት ሲሊንደር፣ ዙሪያውን እንደ ኮከብ የተደረደሩ፣ በነፋስ የሚቀዘቅዝ። ሰባት! ክብ ለስድስት ወይም ለስምንት መክፈል ልጅም ይችላል። ሰባት ግን እምቢ ይላል፤ 360 ለሰባት ሲካፈል 51 ነጥብ 43 እያለ ይቀጥላል። ፕሮትራክተር ይዘህ እንዲህ ያለውን አታገኘውም።

በኮምፓስ የሚሆን ዘዴ አለ። ክብ ትሠራለህ። ኮምፓሱን ሳትነካው ጫፉን ክቡ ላይ አስቀምጠህ ሌላ ቅስት ታዞራለህ። ቅስቱ ክቡን ሁለት ቦታ ይቆርጠዋል። ሁለቱን ነጥቦች በመስመር ታገናኝና የዚያን መስመር ግማሽ በኮምፓስ ትወስዳለህ። ይሄ ግማሽ ክቡን ሰባት ጊዜ ይዞረዋል። ፍጹም ትክክል አይደለም፤ ከሺህ ሁለት እጅ ብቻ ነው የሚያንሰው። በእንጨት ሥራ ያ ዜሮ ነው። ጋሼ አንድ ጊዜ አዩትና ወዲያው ደግመው ሠሩት።

ሲሊንደሮቹ ከድቡልቡል እርሳስ የተቆረጡ ናቸው። የመዳብ ሽቦውን ዙሪያቸውን ጥብቅ አድርጌ ጠመጠምኩ። እውነተኛው ሲሊንደር ሙቀት የሚያወጣበት ቀጫጭን ክንፍ አለው፤ ሽቦው ያንን ይመስላል። ጥቁር ቀለም በስሱ ቀብቼ ሳይደርቅ በጨርቅ ጠረግኩት፤ ጉድጓዱ ውስጥ ጥቁሩ ቀረ፣ ጠርዙ ላይ መዳቡ አበራ። አጠገቡ ሆነህ ስታየው ሞተር ነው።

ሲሊንደሮቹ ጎዶሎ ቁጥር የሆኑበት ምክንያት አለ። እንዲህ ያለ ሞተር አንዱን እየዘለለ ነው የሚያቀጣጥለው፤ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፣ ከዚያ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት፣ እንደገና አንድ። ቁጥሩ ጎዶሎ ባይሆን ዙሩ እኩል አይመጣም፤ ሞተሩ ይንገጫገጫል። የእህቴ ልጅ በጣቷ እየዘለለች ቆጠረችና ሲገጥምላት በጣም ሳቀች።

115 የፈረስ ጉልበት የሚባለው ግን ባሕር ጠለል ላይ ነው። አቃቂ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ፕሮፔለሩና ክንፉም የሚይዙት አየር ያንሳቸዋል። ስለዚህ ሰፊ ክንፍ፣ ቀላል አካል ያስፈልጋል። ድርብ ክንፍ እዚህ ላይ ነው የሚያዋጣው። ከዚህ ደጋ መነሣት በራሱ ፈተና ነው፤ እሷ ተነሥታለች።

ሻሹ

የዘመኑ ቀላል አውሮፕላኖች ክንፋቸው የሚለብሰው ጥጥ ወይም ተልባ ጨርቅ ነው። አቡጀዲ ለሙሉ መጠን ይሆናል፤ ለኔዋ ይወፍራል። ሴቶች ፀጉራቸውን የሚያስሩበትን ስሱን ነጭ ሻሽ ተጠቀምኩ።

ሻሹን ረጠብ አድርጌ በክንፉ ላይ ዘረጋሁ፤ ጠርዙን በቀጠነ ቪናቪል አጣበቅኩ። ሲደርቅ ይወጠራል። ከዚያ ኒትሮ ቫርኒሽ በቲነር አቅጥኖ መቀባት ነው፤ አንዴ፣ ማድረቅ፣ እንደገና። ጨርቁ እየተሰበሰበ ከበሮ ይሆናል፤ በጣት ስትመታው ድምፅ ይሰጣል። ሲሰበሰብ ክንፉን ሊያጣምመው ስለሚችል ከላይና ከታች እያፈራረቅኩ ቀባሁ፤ በሚደርቅበት ጊዜ ሁሉ ጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ አስተኝቼ ጫፍና ጫፉን በጡብ ተጫንኩት። መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ፤ ሽታው ራስ ያዞራል።

በእውነተኛዎቹ አውሮፕላኖች ጨርቁ ከጎድኖቹ ጋር በመርፌና በክር እየተሰፋ ነው የሚታሰረው። ይሄን ለእህቴ ልጅ ስነግራት «አጎቴ፣ ማን ነው የሰፋው?» አለችኝ። እዚሁ አቃቂ የነበሩ ሰዎች ናቸው አልኳት። ጥያቄዋ ግን አልለቀቀኝም። በየዜናው የሚጠራው የዌበር ስም ነው፤ ይገባዋል። እያንዳንዷን ስፌት ግን እሱ አልሰፋም። ሞዴሏ ሥር የምትቀመጠው ጽሑፍ ላይ «በሉድቪግ ዌበርና በኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ተሠራች» ተብሎ በእኩል መጠን ፊደል ይጻፋል።

አንድ ውሳኔ ወሰንኩ። የቀኙን ክንፍ ብቻ ነው የማለብሰው። ግራው ራቁቱን ይቀራል፤ ጎድኑ፣ አግዳሚው፣ የተቦረቦረው ሁሉ ይታይ። ሰው ቀለም ካየ «ያምራል» ብሎ ያልፋል። እንጨቱን ካየ ግን እንዴት እንደተሠራ ይጠይቃል።

ሽቦዎቹ

የፍሬን ገመዱን ፈታሁት። ውስጡ ፀጉር የሚያህሉ የብረት ክሮች አሉ። ድርብ ክንፍን ጠንካራ የሚያደርገው እንጨቱ ብቻ አይደለም፤ በሁለቱ ክንፎች መሀል የተወጠሩት ሽቦዎች ናቸው። በአየር ላይ ክንፉ ወደ ላይ ይገፋል፤ ስለዚህ ከአካሏ ሥር ተነሥተው ወደ ላይኛው ክንፍ ዳር የሚወጡት ሽቦዎች ይይዙታል። መሬት ስትነካ ክንፉ ወደ ታች ይወርዳል፤ ያኔ ከላይ ከመሀል ወደ ታችኛው ክንፍ ዳር የሚወርዱት ይይዙታል። አንዱ ሲወጠር ሌላው ያርፋል። ሲገጥሙ በX ቅርጽ ይተላለፋሉ።

እዚህ ላይ መቸኮል አይቻልም። አንዱን ሽቦ ትንሽ ስታጠብቅ በሌላ በኩል ያለው ይላላል። ከመሀል ጀምሬ ወደ ዳር፣ ግራና ቀኝ እያፈራረቅኩ ነው የወጠርኩት። ከፊት ለፊት ቆሜ የላይኛውን ክንፍ ጠርዝ ከታችኛው ጋር ሳስተያይ ትይዩ ናቸው። ልቤ ሞቀ።

አቋቋሟ

ወዳጆቼ ከጣሪያ ላይ በክር ስቀላት አሉኝ፤ የምትበር ትመስላለች። አሰብኩበት፤ አልሰቅላትም። በጎማዋ መሬት ላይ ነው የምትቆመው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች በዚያ ጦርነት የጠፉት በብዛት መሬት ላይ ነው። መጋቢት 8 ቀን 1928 ቀይ መስቀል ግልጽ ሆኖ የተሣለበት የፎን ሮዘን ሌላው አውሮፕላን፣ ፎከር፣ ቆሬም ላይ ቆሞ ሳለ በጣሊያን አውሮፕላኖች ወደመ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ተወካይ ዶክተር ማርሴል ዡኖ በእሱ ነበር እዚያ የደረሱት። መጋቢት 22 ማይጨው ሆነ። ከአራት ቀን በኋላ መጋቢት 26 የጣሊያን አውሮፕላኖች የአዲስ አበባን አየር ማረፊያ መጥተው ደበደቡ። ሻሹን ቫርኒሽ ስቀባ ይሄ ነገር ገባኝ፤ እንዲህ ያለ ጨርቅ ላይ አንድ የእሳት ጥይት ይበቃል። ተዋጊ አውሮፕላን ሰማይ ላይ ሊያመልጥ ይችላል፤ መሣሪያ የሌላት ቀላል አውሮፕላን ሜዳ ላይ ቆማ ምን ታደርጋለች?

ሚያዝያ 24 ጃንሆይ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ሚያዝያ 27 ጠላት ገባ። ፀሐይ ሳትቃጠል ተገኘች፤ ምርኮ ሆነች። ስለዚህ ሞዴሏ የምትቆመው ያን ቀን እንደነበረችው ነው፤ ሞተሯ ጠፍቶ፣ ጎማዋ ሣር ላይ። ሣሩን ከአቃቂ በኩል አመጣለሁ፤ ደርቆ ቀለሙን የያዘ።

ጆን ሮቢንሰን ከነጻነት በኋላ ተመልሶ መጣ። ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠለጠነ፤ በ1954 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን አደጋ ቆስሎ እዚሁ አዲስ አበባ አረፈ፤ መቃብሩም ጉለሌ ነው። ልዕልት ፀሐይም ለንደን ውስጥ ነርስነት ተምራ ተመለሰች፤ ገና በወጣትነቷ በ1942 እ.ኤ.አ. ነቀምት ላይ ዐረፈች። ስሟን የተሸከመችው አውሮፕላን ያኔ ጣሊያን ነበረች።

የቀረው

ፕሮፔለሩ ተጠርቦ ግማሽ ደርሷል፤ የዋንዛው መስመር ከጫፍ ጫፍ ቀጥ ብሎ ሄዶልኛል። ጎማዎቹን ከበረባሶ ጎማ እቆርጣለሁ፤ ውፍረቱ ልክ ነው። ከዚያ የአብራሪው መቀመጫ ዙሪያ የሚሆን ቁራጭ ቆዳ፣ ከፊት ለፊቱ የሚሆን ትንሽ መስታወት፣ የጅራቱ መታጠፊያዎች። ሞዴሏ ስታልቅ ወደ እህቴ ልጅ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ታሪክ መምህሯ መደርደሪያ አዘጋጅተዋል።

ያስቸገረኝ ጅራቷ ነው። ከጎን በደንብ ይታያል፤ ከኋላ ቀጥ ብሎ የተነሣ ፎቶ ግን እጄ ላይ የለም። ቪኛ ዲ ቫሌ እያለች ያያት ወይም ከተመለሰች በኋላ ያነሣት ሰው ካለ፣ በተለይ ጣሊያን የምትኖሩ፣ ከጀርባዋ ራቅ ብሎ የተነሣ አንድ ፎቶ ብትልኩልኝ የጅራቱን ስፋት በጎማ ቆጥሬ በዚህ ሳምንት እቆርጠዋለሁ።